ቋንቋ የሚመርጠው ወንድሜ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሕፃን አፉን ፈታ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ አይደለም፤ «በምን ተናገረ?» ብሎ ነው። በእኛ ግቢ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር። የግቢው ባለቤት ሐረሪ ባልቴት ነበሩ፤ ትንሹም ትልቁም «አዴ» ይላቸዋል። ከልጆቻቸው ጋር በራሳቸው ቋንቋ፣ ከቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈጣሪያቸው ጋር በዓረብኛ ነበር የሚነጋገሩት። ከእኛ ክፍል ቀጥላ የምትኖረው ሶማሊ ወተት ሻጭ ናት። አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ሰውን መውደዷን ለመግለጽ ግን ቃል አጥሯት አያውቅም። እኔ ራሴ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው ይባላል። አባቴ ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቅር እንዳላት ኖረች። «ተሸክሜ፣ አምጬ፣ አጥብቼ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ጎረቤት ወሰደብኝ» ትል ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ ሦስት ዓመት አልፎት አንድም ቃል ሳይወጣው ሲቀር ግቢው አልደነገጠም። ምክንያቱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ልጁ የሚሰማው ቋንቋ በዝቶበት ነው፤ ውሃ ሲጠማው አንዱ «ውሃ»፣ አንዱ «ቢሻን»፣ አንዱ «ቢዮ»፣ አዴ ደግሞ «ሚይ» ይሉታል፤ የትኛውን ይያዝ? «ቋንቋ እየመረጠ ነው» ተባለ። አባባሉ ከግቢያችን አልፎ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። ሴቶቹ በመንገድ ሲያገኙን «እህ፣ መረጠ?» ይላሉ። እናቴም ሳቅ ብላ «ገና ነው፣ መራጭ ሆኖብን» ትመልሳለች።

ወንድሜ የተፀነሰው በንጉሡ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሐዲድ ይጠግናል። በዚያ ዓመት በረሃ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ወደ አንዱ ስለተመደበ፣ እናቴ ነፍሰ ጡር ሳለች እኔን ይዛ ወደ ትውልድ አገሯ፣ ወደ ጨርጨር ደጋ ወጣች። በአገሯ ልማድ ሴት የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። ግን እሷ ለመውለጃው ብቻ ሳይሆን እርግዝናውን በሙሉ እዚያው ቆየች፤ ከወለደችም በኋላ ልጁ ዳዴ የሚልበት ዕድሜ እስኪደርስ አልተመለስንም።

ከዚያ ቆይታ የማስታውሰው ብርዱንና የሴቶቹን አንገት ነው። በእናቴ አገር እንቅርት የሌላት ሴት ገና ያላደገች ትመስላለች። ትልልቆቹ ሴቶች ማተባቸውን ከእንቅርቱ በላይ ያስሩታል፤ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ እንደ ጌጥ ነው የሚይዙት። የእናቴ አንገት ስንሄድ ትንሽ ጎላ ያለ ነበር፤ ስንመለስ ግን እንቁላል ያህል አክሏል። ደጋ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ድሬዳዋ ላይ ግን ለገሃር ከባቡሩ እንደወረድን ሰው ዓይኑን ጣለበት። ሶማሊዋ ጎረቤታችን በቅን ልቦናዋ «ምን ዋጥሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በዚያ ሁሉ ሙቀት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ኖረች።

ወንድሜ ሕፃን ሳለ አስቸግሮ አያውቅም። አያለቅስም፣ ይተኛል፣ ለመጥባት እንኳ መቀስቀስ ነበረበት። ሴቶቹ «ወርቅ ልጅ ነው» ይሏታል፤ እሷም ትኮራለች። አንገቱን የያዘው ዘግይቶ ነው፤ የተቀመጠውም ዘግይቶ ነው። ሲራመድ እግሮቹን ከፍቶ፣ መሬቱ ይከዳኛል ብሎ እንደሚፈራ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ በዓይናችን ፊት ሆነ። ይህን ያየና የሰማ ግቢ እንዴት ቋንቋውን ብቻ ጠረጠረ? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ፍቅር ያለበት ቤት መጥፎውን ምክንያት የሚያነሣው በመጨረሻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አዴ ጎረቤቱን ሰብስበው ነገሩን ለውይይት አቀረቡት። «አቦ፣ ይህን ልጅ እኛ ነን ያደናገርነው» አሉ። «ከእንግዲህ እሱ ባለበት አንድ ቋንቋ ብቻ ይነገር።» የትኛው ይሁን በሚለው ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በመጨረሻ የእናቱ ቋንቋ አማርኛ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ሁሉም ቃሉን ጠበቀ። ቃል መጠበቃቸው ነው የጎዳው። ሶማሊዋ አማርኛ ስለማይሆንላት ወንድሜ በበሯ ሲያልፍ እጇን አፏ ላይ ታደርግና ወተቱን ብቻ ትሰጠዋለች። ድሮ በቋንቋዋ «ወሪያ! ወሪያ!» እያለች እየጠራች የምታስቀው እሷ ነበረች። አዴም በቋንቋቸው ሲያወሩ እሱን ካዩ መሐል ላይ ያቆማሉ። እንዲህ ሆኖ ወንድሜ በደረሰበት ሁሉ ሰው ዝም የሚልለት ልጅ ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱ ግን በዚያ ዝምታ መሐል የባሰ ጠፋብን።

ሆስፒታል የሄድነው ለዚህ አልነበረም። ጆሮ ደግፍ ያዘው፤ ጉንጩ አብጦ አላስበላ አለው። እናቴ አዘለችው፣ እኔ ተከተልኩ። ተራ ስንጠብቅ ነጠላዋ ከአንገቷ ተንሸራተተ። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ ሰውዬ አንገቷን አየ፣ የልጁን ጉንጭ አየ፣ ከዚያም አላስቻለውም፦ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ስሰማ ኖሬ ዛሬ በዓይኔ አየሁት!» አለ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳንዳሌን አውልቄ ወረወርኩበት። እናቴ በቁንጥጫ አስቀመጠችኝና ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችው። በተረት ውስጥ መገኘት እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበሩ፤ እሳቸው በፈረንሳይኛ ይናገራሉ፣ ረዳታቸው ድሬሰሩ በአማርኛ ይመልሳል። የወንድሜን ጉንጭ ዳሰስ አደረጉና ጆሮ ደግፉ ይድናል ብለው ተዉት። ከዚያ ግን አልለቀቁንም። አቆሙት፣ አስኬዱት፣ ምላሱን አዩ። ከጀርባው ቁልፍ አንኳኩ፤ ዞር አላለም። የብረት ሳሕን መሬት ላይ ሲጥሉ ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ልጁን ትተው እናቴን ያዩ ጀመር።

«ነጠላሽን አውርጂ ይሉሻል» አለ ድሬሰሩ።

«የታመመው እኮ ልጁ ነው» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ እኅቴ፣ ግን አውርጂው።»

አወረደችው። ሐኪሙ በሁለት እጃቸው አንገቷን ዳሰሱ፣ ምራቋን ዋጥ እንድታደርግ አዘዟት፣ የት አገር እንደተወለደች፣ ልጁን ያረገዘችው የት እንደሆነ ጠየቋት። ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ አንገቷ እያመለከቱ ረጅም ነገር ተናገሩ። ድሬሰሩ ሲተረጉመው ግን አጠረ፤ «የልጁ ነገር ከአንቺ ነው» ሆኖ ወጣ።

እናቴ ብድግ አለች። ወንድሜን ለማዘል ጎንበስ አለች። ሐኪሙ ፊቷን አይተው የሆነው ገባቸው መሰለኝ፤ ድሬሰሩን ተቆጡትና ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ። ሁለተኛው ትርጉም ረጅም ነበር፤ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም።

«ባሕር ውስጥ የሚገኝ፣ ዝናብ ያጠበው ተራራ ላይ ግን የሚጎድል ነገር አለ። አዮዲን ይባላል። ሰው የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ሲያጣ ግን አንገቱ ላይ ያለችው እጢ እሱን ፍለጋ ታብጣለች። ሴት ስታረግዝ ፅንሱ ከእሷ ይካፈላል፤ አእምሮውም ጆሮውም በደንብ የሚሠራው በዚያ ነው። እናትየው ራሷ ከሌላት ምን ታካፍለዋለች? አንቺ አልበደልሽም። ያልነበረሽን ከየት ታመጪለት?»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ብዙ ነገር የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ይናገርልኛል ወይ?» ብቻ አለች።

«ጥቂት» አሉ ሐኪሙ። «የጎደለው ተመልሶ አይሞላም። ግን ያሳያችሁትን ቀስ እያለ ይለምዳል። አነጋግሩት፤ ጮክ ብላችሁ፣ ፊቱን እያያችሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

ድሬሰሩ ጥያቄው ያሳፈረው ይመስል ተጠራጥሮ ነው የተረጎመው። ሐኪሙ ግን አልሳቁም። «ባላችሁ ሁሉ» አሉ።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቋት፤ እናቴ አንገቷን ደፋች። አሁንም ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አባቴም ገና አልሰማም ነበር። የሐኪሙ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ ልጁን ሲያዩ ያልነበረ ተስፋ ፊታቸው ላይ አየሁ። ድሬሰሩን ልከው ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ አስመጡ። እኔ አዮዲን የማውቀው ጉልበቴ ሲላጥ የምቀባውን፣ የሚያንገበግበውን መድኃኒት ስለሆነ ደነገጥኩ። ድሬሰሩ ገባውና «ለቁስል የሚቀባውን እንዳትጠጪ፤ እሱ ይገድላል» ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቃት። «ይህ ለመጠጥ የተዘጋጀ ነው። ልክ እንዳዘዝንሽ በውሃ ጠብ አድርገሽ ትጠጫለሽ፤ እዚሁ እየመጣሽ ትታያለሽ። የባሕር ዓሣም ብዪ። ደግሞ ለመውለድ ብለሽ ደጋ እንዳትወጪ፤ እዚያ ጠብታውን ማን ይሰጥሻል?»

ጠብታው አላስቸገረም፤ ዓሣው ነው ያስቸገረን። የጅቡቲ ባቡር በበረዶና በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ የሚመጣ ዓሣ ያወርድ ነበር፤ አባቴ ከባቡሩ ሰዎች ያመጣል። እናቴ ግን የደጋ ልጅ ናት፤ ዓይኑን ያፈጠጠ ምግብ በልታ አታውቅም። ሶማሊዋም አልረዳቻትም፤ በወገኖቿ ዘንድ ግመልና ፍየል ያለው ሰው ዓሣ አይበላም፣ ሽታው ሲመጣ በሯን ትዘጋለች። አዴ ናቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው የገቡበት። ሎሚና ሚጥሚጣ ለውሰው ጠበሱላትና ከፊቷ ቆሙ። «ዋጪ! ለአንቺ ማን ሰጠሽ? በሆድሽ ላለው ነው» ይሏታል። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትውጣለች። የሰፈሩ ድመት ሁሉ እኛ በር ላይ ተሰለፈ።

ሆዷ ሲገፋ አጎቴ ከደጋ ወረደ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሊወስዳት ነበር የመጣው። ከሰላምታው በኋላ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እናትሽ ገብሱን አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ትጠብቅሻለች። በሚቀጥለው ባቡር እንሄዳለን።»

«ዘንድሮ እዚሁ እወልዳለሁ» አለች እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እዚህ? በዚህ ቋያ ውስጥ? ማን አለሽና?» አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ሐዲድ ላይ ጎበዝ ነው፤ አማቾቹ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። መሬት መሬቱን አየ። እናቴ የሐኪሙን ነገር እንደምንም አስረዳችው። አጎቴ እየሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«እኮ ያሳደገሽ ውሃ መርዝ ሆነ? የእናትሽ ቤት ልጅ ያበላሻል ነው የምትይኝ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቴ አቀረቀረች። እሺ ብላ ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ። እናቷን በጣም ትወድ ነበር፤ ያለ እናቷ የወለደችበት ጊዜም አልነበረም። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ከዚያ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በሰው ፊት እንዲህ ስታደርግ ከሆስፒታሉ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

«ውሃው መርዝ አይደለም ወንድምዓለም» አለች። «ጎደሎ ነው።» ወንድሜን ወደ ራሷ ሳበችው። «ይህን ልጅ እየው። አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አጎቴ ብሎ ጠርቶህ ያውቃል?»

«የእግዜር ሥራ ነዋ!»

«የእግዜርን ሥራ እግዜር ያውቀዋል። ይኼን ግን ነግረውኛል። አውቄ አልሄድም።»

አጎቴ ለእሱ የተሠራውን እራት እንኳ በቅጡ ሳይበላ በማግሥቱ ተመለሰ። የደጋው ቅቤ ከዚያ ወዲያ መጥቶልን አያውቅም። አያቴ በልጇ ተቀይማ ኖረች፤ ያሳደገችበትን ቤት የናቀችባት ነው የመሰላት። እናቴ ምጥ ሲይዛት የጠራችው እሷን ነበር፤ ከአጠገቧ የነበሩት አዴና ሶማሊዋ ናቸው። ሴት ልጅ ተወለደች። ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ተሰማ። ሰው በልቅሶ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወርቁ ልጃችን ተወልዶ እንዲህ ጮኾ አያውቅምና።

እናቴ ግን በልቅሶ ብቻ አላመነችም። ያን ዓመት ሙሉ ልጅቷን ስትፈትን ኖረች። ከጀርባዋ ቁልፍ ታንኳኳለች። መብራት ወዲህና ወዲያ ታደርግላታለች። አንገቷን በጊዜው ያዘች፤ «ወንድሟም ቢዘገይ እንጂ ይዟል» ትላለች። ተቀመጠች፤ «እስቲ ትቁም» ትላለች። አዴ ተናደው «አቦ ተያት! ልጅ ናት እንጂ የገበያ ዕቃ ናት? ወላሂ አሳበድሻት!» ይሏታል። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሰምታ እንዳትከፋ ብለን ግን ማንም አያነሣውም።

በዚህ መሐል ግቢው ለወንድሜ ምላሱን ፈታለት። ሐኪሙ «ባላችሁ ሁሉ» ብለዋል መባሉን ሲሰሙ ሁሉም የታፈነበትን አወጣ። ሶማሊዋ ጉንጩን ይዛ ፊቱ ላይ ትዘፍናለች፤ አዴ በጆሮው ይጮኹበታል። ወራት ከፈጀ በኋላ ቃል የሚመስል ድምፅ ይወጣው ጀመር። ለውሃ የሶማሊዋን «ቢዮ» ያዘ፤ ለመጥራት የኦሮምኛውን «ኮቱ»፤ ለእምቢታ ግን የእናቱን «እምቢ»። ግቢው «ድሮም ብለናል፣ ሲመርጥ ነበር!» ብሎ ፈነደቀ። ሰው የተናገረውን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከእነዚህ ብዙ አልጨመረም። እንግዳ ሲመጣ ግን ማንቆርቆሪያውን ይዞ እጅ ማስታጠብ ለመደ፤ ሥራውንም ወደደው። ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ሊያስታጥብ ቢነሣ ይቆጣል።

እኅቴ ቆማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እናቴ ወደ ገበያ ልትወጣ ዘንቢሏን ይዛ በር ላይ ደረሰች። ልጅቷ ከአዴ እግር ሥር ተቀምጣለች። እናቷ ስትሄድ አየችና እጇን ዘረጋች። «እማ!» አለች። እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። «እማ!» አለች እንደገና፣ አሁን በቁጣ። ስሕተት የለውም፤ በአማርኛ፣ ለእናቷ፣ ጥርት ብሎ የወጣ ቃል ነው።

ግቢው ተናወጠ። ሶማሊዋ እልል አለች፤ አዴ «ማሻላህ! ማሻላህ!» እያሉ ልጅቷን ከመሬት አነሡ። እኔ እየዘለልኩ ነበር። ወንድሜ ሁሉም ሲስቅ አይቶ ያጨበጭባል፤ ምን እንደተባለ ግን አልሰማም።

እናቴ ብቻ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። የምታየው ሕፃኗን አልነበረም፤ ወንድሜን ነበር።

«ጠብታው ያኔም ነበረ እኮ» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ አዴ።

«እሱን ሳረግዝም ጠብታው ነበረ። ሆስፒታሉም እዚያው ነበረ። ባቡሩም ዓሣ ያመጣ ነበር።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለእሱም ይሆንለት ነበር። እንዲህ ይጠራኝ ነበር።»

«አቦ፣ ዛሬ እንኳ ደስ ይበልሽ» አሉ አዴ። የሚሰማቸው አልነበረም። እናቴ መጥታ ከወንድሜ ፊት ተንበረከከች። ቋንቋ ይመርጣል በተባለባቸው ዓመታት ስቃለች፣ ሐኪሙ ሲነግሯት አምናለች፣ ከወንድሟ ጋር ተጣልታለች፤ ለእሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቅሳለት አታውቅም። አሁን ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። እሱ ያጨበጨበበትን እጁን አውርዶ ዝም ብሎ ቆመላት፤ ትንሿ እኅቴ ደግሞ ከአዴ ክንድ ላይ ሆና «እማ፣ እማ» እያለች መጥራቷን ቀጠለች።